ሞተሩ የሚያርፍበት ትምህርት ቤት

መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ የዓይን ምርመራው ላይ ከላይ ሁለተኛዋን መስመር ማንበብ አቃተኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ወረቀቷን ወደ ጎን አድርጋ፣ «አባቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚነዱት?» አለችኝ። «ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ» አልኳት። ፈገግ ብላ፣ «እንግዲያማ ይበቃዎታል፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ይንዳዎት» አለች። ያን ዕለት ከጳውሎስ ሆስፒታል እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ የሌላ ሰው ማርሽ አቀያየር ለመስማት አንጀቴ አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ቤት ነኝ። ልጄ፣ «አባዬ፣ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ የሥራህን ነገር ጻፍ» ትለኛለች። ሾፌር ምን ይጽፋል ብዬ ነበር። አሰብ ወርጃለሁ፣ ጎንደር ወጥቻለሁ፣ ጎሚስታ ቤት ደጅ ቁጭ ብዬ ስንት ቀን አባክኛለሁ፤ ይሄ የማንም ሾፌር ታሪክ ነው። እስክሪብቶ ስይዝ ግን ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንድ ቦታ ብቻ ሆነ። ከጉለሌ ተነሥተው በጎጃም መንገድ እንጦጦን እንዳለፉ፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይጠነክር መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። እዚያ መታጠፊያ ላይ የሆነውን ልጻፍ።

የጉለሌ ልጅ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥዬ፣ በረዳትነት ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ አብዮቱ መጣና ብዙው ነገር የመንግሥት ሲሆን፣ የውጭ አገር እንግዶችን የሚያስጎበኝ አንድ ድርጅት ውስጥ ተመደብኩ። ደመወዙ የሚያኮራ አልነበረም፤ ግን ዩኒፎርም ነበረው፣ እናቴም በዩኒፎርሙ ትኮራ ነበር። ሁለተኛ ሾፌር ሆኜ የተሰጠሁት ለጋሽ በየነ ነው።

ጋሽ በየነ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። ጠዋት ሞተር ከማስነሣቱ በፊት አውቶቡሱን በእግሩ ይዞርና እያንዳንዱን ጎማ በመዳፉ ይዳብሳል። የበግ ገዢ ይመስል ነበር። «በዓይን ብቻ አይታይም እንዴ ጋሼ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ዓይኔ ቸኩሎ ያልፈዋል፤ እጄ ነው የሚቆም» አለኝ። ዳገቱን የወጣበትን ማርሽ ሳይቀይር ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ፍሬን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። እኔ በሦስተኛ ልውረድ ስል እጁን እጄ ላይ ጭኖ ወደ ሁለተኛ ይመልሰዋል፤ አይቆጣም።

ካስተማረኝ ሁሉ ግን የማልረሳው የመስታወቱን ነገር ነው። «መንገዱን እያየህ መስታወቱንም እይ። የተሳፋሪውን ጭንቅላት ተመልከት። ማርሽ ስትቀይር ሁሉም አንድ ላይ ከተነቃነቁ ሰውን ሳይሆን ድንች ነው የጫንከው» ይለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ድንች ጭኛለሁ። አንድ ቀን ከእንጦጦ አናት እስከ ሱሉልታ ሜዳ ድረስ አንድም ጭንቅላት ሳይነቃነቅ ወረድኩ። ጋሽ በየነ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ።

ደግሞ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከፊቱ ሲሄዱ ክላክስ አይነካም። እንግዶች ቢቸኩሉም፣ ሰዓት ቢያልፍም፣ ከኋላቸው በቀስታ ይከተላል። «ደንግጣ ዞር ስትል ሸክሙ ነው የሚጥላት» ይላል። ሴቶቹ የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ራሳቸው ዳር ይይዛሉ። እሱም ሲያልፍ ኮፍያውን ነካ ያደርግላቸዋል።

እንግዶቹን ብዙ ጊዜ ወደ ደብረ ሊባኖስ ነበር የምንወስዳቸው። ከሶሻሊስት አገሮች የሚመጡ ይበዙ ነበር፤ መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች። ያቺን መታጠፊያ ስንደርስ አውቶቡሱ ቀስ ስለሚል የአካባቢው ልጆች ይጠብቁናል። እንግዶቹ በመስኮት እስክሪብቶ ይወረውራሉ፣ ልጆቹ ይሻማሉ፣ እንግዶቹ ይስቃሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ልጆቹን መውደዳቸው ነበር።

ከልጆቹ ሁሉ ፈጣኗ ጫልቱ ነበረች። ያኔ ስሟን አላውቅም፤ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ የወንድ ኮት የለበሰች ልጅ ናት። እስክሪብቶው ከመስኮት ሲወጣ የት እንደሚያርፍ ቀድማ ታውቃለች። ከወንዶቹ መሐል ተስፈንጥራ ትወጣና እጇን ከፍ አድርጋ ታሳየናለች። እኔ እስቅ ነበር። ጋሽ በየነ ፊቱ አይፈታም። «ጎማ ሥር ይገባሉ» ይላል።

አንድ ጊዜ የመጡ እንግዶች አገራቸው ሳሉ ስለ ልጆቹ ሰምተው ኖሮ ሦስት ካርቶን ሙሉ ደብተርና እርሳስ ይዘው መጡ። አስጎብኚው፣ «ትምህርት ቤታቸው እዚሁ ከመንገዱ በታች ነው አሉ፤ ገብተን በእጃቸው እንስጣቸው» አለ። ሁላችንም ደስ አለን። አውቶቡሱን ከመታጠፊያው በላይ ሜዳው ላይ አቆምነው፤ ጋሽ በየነ ጎማው ሥር ታኮ አደረገ፤ ካርቶኖቹን ተሸክመን ወረድን።

ትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ሥር ያለ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። መምህሯ አንዲት ብቻ ናት፤ መምህርት አስካለ። የእኛው የጉለሌ ልጅ ሆና ተመድባ የመጣች፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ ጎን በተሠራች አንዲት ክፍል የምትኖር ወጣት። ጠመኔ በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችን። አስጎብኚው ነገሩን ሲነግራት፣ «ለእኔ ብትተዉልኝ እኔ ባድላቸውስ?» አለች። «እንግዶቹ በእጃቸው መስጠት ይፈልጋሉ፤ ከሩቅ አገር ነው የመጡት» አላት። ጠመኔውን ኪሷ ከትታ ከበሩ ዞር አለች።

መጀመሪያ ሰልፍ ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት የኋለኞቹ ገፉ፣ የፊተኞቹ ወደቁ፣ ሰልፉ ፈረሰ። ትልልቆቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ወሰዱ። ትንንሾቹ ደብተር ሳይኖራቸው እርሳስ፣ እርሳስ ሳይኖራቸው ደብተር ያዙ። እንግዶቹ ደንግጠው ቶሎ ቶሎ ለደረሰው ሁሉ መስጠት ያዙ፤ ፎቶ የሚያነሣውም ማንሣቱን አላቆመም። አንድ ደብተር ሁለት ልጆች ይዘው ሲጎትቱ ለሁለት ተቀደደ። መጨረሻ ላይ ምንም ያልደረሳት አንዲት ሕፃን ባዶውን ካርቶን አቅፋ ቆማ አየኋት። ማንም አልከለከላትም፤ ካርቶኑን ራሷ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

ይሄም ሆኖ አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ እንግዶቹ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ እርስ በርሳቸው ይተቃቀፉ ነበር። እኔም መልካም ቀን የዋልን መስሎኛል። ጋሽ በየነ ብቻ ታኮውን አንሥቶ ሲገባ፣ «መምህሯን አይተሃታል?» አለኝ። አላየኋትም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች እንግዶች ይዘን መታጠፊያው ላይ ስንደርስ መንገዱ ዳርና ዳር በልጆች ተሞልቷል። ሰዓቱ የትምህርት ሰዓት ነው። ጋሽ በየነ አውቶቡሱን ሜዳው ላይ አቆመና አስጎብኚውን፣ «ሞተሩ ሞቋል፣ ትንሽ ይብረድ» ብሎ ወረደ። እኔም ተከተልኩት። በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

መምህርት አስካለ ክፍል ውስጥ ነበረች። ከፊቷ አራት አምስት ሕፃናት ተቀምጠዋል። ሌላው አግዳሚ ሁሉ ባዶ ነው።

«መምህርት፣ ልጆቹ የት ሄዱ?» አላት።

«እናንተን ሊጠብቁ ነዋ» አለች። በጠመኔዋ ወደ መንገዱ አመለከተች። «ደብተር የሚገኘው ክፍል ውስጥ ሳይሆን አስፋልት ላይ መሆኑን ተማሩ። እኔ ካስተማርኳቸው ሁሉ ይሄን ነው ቶሎ የያዙት።»

ጋሽ በየነ ኮፍያውን አወለቀ።

«ያቺ ኮት የለበሰችው፣ ጫልቱ» አለች ቀጥላ፣ «ፊደሉን ከሁሉም ቀድማ የጨረሰች ልጅ ናት። ካርቶኑ ከመጣ ወዲህ አንድ ቀን አልመጣችም። ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹እስክሪብቶ ካገኘሁ ምን እሠራለሁ እዚህ?› አለችኝ።»

«እስክሪብቶውንስ ምን ታደርገዋለች?»

«እናቷ አዲሱ ገበያ ወስዳ ትሸጠዋለች። እንጨት ተሸካሚ ናት። እንዴት ልቆጣት?»

ጋሽ በየነ ባዶዎቹን አግዳሚዎች አየ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አላት።

«እኔማ» አለች፣ «በመስኮት የሚወረወረውን አቆም ነበር። አንዲትም እንዳትወረወር። የመጣው ሁሉ እዚህ ሣጥን ውስጥ ይግባ። እኔ ደግሞ እርሳሱ አልቆ ጉራጁን ላመጣልኝ ልጅ አዲስ እሰጣለሁ። ያልጻፈ ልጅ ጉራጅ አይኖረውም።»

ያን ቀን ስንመለስ ጋሽ በየነ አስጎብኚውን አነጋገረው። ከዚያ በኋላ እንግዶች ከከተማ ሳይወጡ ይነገራቸው ጀመር፦ በመስኮት ምንም አይወረወርም፣ የያዛችሁትን ለሾፌሩ ስጡ፣ መምህሯ ጋ ይደርሳል። አንዳንዱ ያኮርፋል። «ልጁን ሳላየው ምን ደስ ይለኛል?» ያለም ነበር።

ልጆቹን ግን እንዴት እንንገራቸው? የሚነገር አልነበረም። ዝም ብሎ ማለፍ ብቻ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ክፉ መንገድ አይቻለሁ፤ እንደዚያች መታጠፊያ የከበደኝ የለም። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ልጆቹ ጎን ለጎን እየሮጡ፣ የአውቶቡሱን ቆርቆሮ በመዳፋቸው እየደበደቡ እናልፋለን። አንድ ጊዜ መስታወቱን በጭቃ መቱት። አጠብኩትና ነዳሁ። ጫልቱ አትደበድብም፣ አትሳደብም። በእኔ በኩል እኩል ትሮጥና ቀና ብላ ታየኛለች። ምን አጠፋሁ የሚል አስተያየት ነው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ትቀራለች፤ በመስታወቱ እስክትጠፋ አያታለሁ። «ጋሼ፣ ለዚህች ብቻ አንዲት ብወረውርላትስ?» ብዬው አውቃለሁ። «ወርውርላት» አለኝ፣ «ከዚያ ግን አንተ ውረድና ፊደል አስተምራት።»

ልጆቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። መንገዱ ላይ ምንም የለም፤ ሣጥኑ ውስጥ ግን እርሳስ አለ። መምህርት አስካለ እርሳሱን በምላጭ ሦስት ቦታ ትቆርጠውና አናቱን በክር አስራ የሕፃናቱ አንገት ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ አይጠፋም። ጥቁር ሰሌዳው የነጣ ነበርና እኛም ከጋራዡ ሾፌሮች ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ እየሰበሰብን ወሰድንላት። ልጆቹ ሆዱን አውጥተው ይወቅጡትና በቅጠል ጭማቂ ለውሰው ሰሌዳውን ይቀቡታል። እጃቸው እንደ መካኒክ ጥቁር ሆኖ ሲያሳዩን ጋሽ በየነ፣ «እነዚህ የእኛ ሰዎች ናቸው» አለ።

ጫልቱ የመጣችው የመጨረሻ ነው። መምህርት አስካለ የጫልቱ እናት ጋ ሄዳ ነበር። እናትየው፣ «እስክሪብቶው ጨው ይሆነኛል፤ ትምህርቱ ምን ይሆነኛል?» አለቻት። መምህሯ አልተከራከረችም። ጠዋት ጠዋቱን ብቻ ልቀቂልኝ፣ ከቀትር በኋላ ጭራሮዋን ትልቀም ብላ ለመነቻት። አንድ ጠዋት እኛም በነበርንበት ጫልቱ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ኮቷ ኪስ ውስጥ እጇን ከታ ብዙ እስክሪብቶ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እነዚህ አልተሸጡም» አለች።

መምህርት አስካለ ሳቋ አመለጣት። «እንግዲያው ሣጥን ውስጥ ክተቻቸው፤ ቦታሽ ያው የድሮው ነው» አለቻት። ጫልቱ ሄዳ ተቀመጠች። ጋሽ በየነ ያን ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ ምንም ያልሆነውን ታኮ ደጋግሞ በእግሩ ይመታ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንግዶች ትምህርት ቤቱ ሲመጡ ልጆቹ መሐል አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆቹ ያነቡላቸዋል። በቃ። ስጦታ የሚባል ነገር ልጆቹ ፊት አይታይም። ከሁሉ የማስታውሰው አንዲት አሮጊት ቡልጋሪያዊት ናቸው። እሳቸውም በአገራቸው አስተማሪ ነበሩ አሉ። ሌሎቹ ልጆቹን ሲሰሙ እሳቸው የመምህሯን ጠረጴዛ ሳቡና የዶለዶሙትን እርሳሶች በምላጭ መቅረጽ ጀመሩ። መምህርት አስካለም ጎናቸው ተቀመጠች። አንዳቸው የሌላኛዋን ቋንቋ አያውቁም። አሮጊቷ የቀረጹትን አንሥተው ጫፉን ለአስካለ ያሳያሉ፣ አስካለም ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሷም የራሷን ታሳያለች። እንዲህ ሲሉ ቆይተው መሄጃ ሲደርስ አሮጊቷ የእርሳሱን ቅርፊት ከጠረጴዛው በመዳፋቸው ጠርገው፣ የአስካለን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሟት። አውቶቡስ ውስጥ ጣቶቻቸው በእርሳስ ጠቁረው ነበር፤ እስከ ደብረ ሊባኖስ አልታጠቧቸውም።

ነገሩ ግን ተሰማ። የስምሪት ኃላፊያችን ጓድ ታምራት ይባላል፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ ሲናገር ጠረጴዛውን በጣቱ የሚመታ ሰው ነው። ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን።

«ያልተፈቀደ ቦታ የውጭ ዜጋ ታስገባላችሁ አሉ» አለ።

«ትምህርት ቤት ነው፣ ጓድ» አለ ጋሽ በየነ።

«ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም! ነገ ፎቶው አንድ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ‹የኢትዮጵያ ልጆች እንዲህ ናቸው› ቢባል የሚጠየቀው ማነው? አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

ያ ዘመን እንዲህ ተብሎ ተጠርቶ ያልተመለሰ ሰው ያለበት ዘመን ነው። እኔ በሩን አየሁ። ጋሽ በየነ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እርስዎም መጥተው ይዩት፤ የሚያስጠይቅ ከሆነ ያን ጊዜ ይጠይቁን» አለው።

በማግሥቱ ጓድ ታምራት ከእንግዶቹ ጋር ተሳፈረ። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ከኋላ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው። ከጎኑ ያለችው ትንሽ ልጅ መጽሐፉ አልታይ ስላላት ሳትፈራ ክንዱ ላይ ተደገፈች። ጓድ ታምራት አንድ ጊዜ አያት፣ አንድ ጊዜ እኛን አየን። ከዚያ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ያዘላቸው። ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ገጹን የሚገልጠው እሱ ነበር።

ተመለስን። ጋራዡ በር ላይ ሲወርድ ዞር ሳይል፣ «በየነ» አለ።

«አቤት ጓድ።»

«ያ አውቶቡስ ዳገት ላይ ሞተሩ ይሞቃል። እንጦጦን እንዳለፋችሁ ሜዳው ላይ ማረፍ አለበት። ለአንድ ሰዓት። ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ ከሌላ ነገር ጋር አይገናኝም።»

«ገብቶኛል ጓድ።»

ሄደ። ስለ ትምህርት ቤቱ በሕይወቱ አንድም ቀን አንሥቶብን አያውቅም። አልፎ አልፎ ግን ጠዋት አውቶቡሱን ስንከፍት የሾፌሩ ወንበር ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ የጠመኔ ፓኮ እናገኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ከዚያ ድርቁም ጦርነቱም በረታ፣ እንግዳ እየቀነሰ መጣ፣ የቱሪስት አውቶቡሱ ከቆመበት የማይነቃነቅበት ሳምንት በዛ። ጋሽ በየነ ጡረታ ወጣ። የመጨረሻ ቀኑ አውቶቡሱን እንደ ልማዱ ዞሮ ጎማዎቹን ዳበሰና፣ «የኋላ ግራው ተበልቷል፣ ንገራቸው» ብሎኝ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ወደ አገር አቋራጭ ተዛወርኩ። መስመሬ ጎንደር ሆነ፤ በዚያችው መታጠፊያ በኩል።

የመጀመሪያው ቀን ሜዳው ላይ ስቆም ተሳፋሪው ጮኸ። «ገና ከከተማ ሳንወጣ ምን ሆንክ?» አለኝ አንዱ። ተነሥቼ ነገርኳቸው፤ እዚህ ታች ትምህርት ቤት አለ፣ ድሮ የውጭ ሰዎች ደብተር ያመጡላቸው ነበር፣ አሁን የሚያመጣ የለም፣ ሞተሩም ይረፍ፣ አልኳቸው። ከዚያ የባሕር ዳር ነጋዴ የሆኑ አንዲት እናት ከእግራቸው ሥር ያለውን ጥቅል ፈትተው ሊሸጡት ከያዙት ደብተር ጥቂት ቀንሰው ሰጡኝ። አንድ ሰውዬ የሒሳብ መዝገቡን አውጥቶ ያልተጻፈበትን ገጽ በጥንቃቄ ቀደደ። አንድ ቄስ ከቀሚሳቸው ኪስ እርሳስ አወጡ፤ ጫፉን አይተው፣ «ይቀረጽ እንጂ ገና ነው» አሉ። እኔ በዘንቢል ይዤ ወርጄ ለመምህርት አስካለ ሰጠሁ። በየጉዞው እንዲህ ሆነ። ከውጭ ሰዎቹ ካርቶን ያነሰ ነበር፤ ግን ቀረ የሚባል ጉዞ አልነበረም።

ጫልቱ ያኔ አድጋለች። ትንንሾቹን ጠዋት የምታስነብበው እሷ ሆናለች፤ ዘንቢሉንም መንገድ ድረስ መጥታ የምትቀበለኝ እሷ ናት።

አንድ ጉዞ ላይ አንድ ወታደር ተሳፍሮ ነበር። ወታደሩ ኋላ ከጦርነቱ በሕይወት ተመልሷል፤ ይሄን አስቀድሜ የምናገረው የሚያነብ ሰው እንዳይጨነቅብኝ ነው። ቀኝ እጁ ቆስሎ ታክሞ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጦር ክፍሉ የሚመለስ ልጅ ነው። ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም። ሜዳው ላይ ስቆም ከደረት ኪሱ አዲስ እስክሪብቶ አወጣና በግራ እጁ ዘረጋልኝ።

«ይሄን ውሰድላቸው ጋሼ። ለእኔ ከእንግዲህ አይሠራልኝም» አለ።

ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ነበርና ሰማች። እጁን አየች። «ሳልወስደው በፊት የሚጻፍ ነገር ካለህ እኔ ልጻፍልህ» አለችው።

ልጁ አፈረ። «ኧረ ምንም የለኝም» አለ። ከዚያ ግን፣ «ለእናቴ ነበር» አለ። «ቀጨኔ ነው ቤታችን። ዛሬ ሳልቀሰቅሳት ነው የወጣሁት። ተኝታ ጥያት ወጣሁ።»

ጫልቱ እስክሪብቶውን ተቀብላ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አንድ ተሳፋሪ ከደብተሩ ወረቀት ቀደደላት። ልጁ ሁለት ቃል ይልና ይቆማል። «ምን ይባላል?» ይላል። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ፊትሽን እያየሁ መሄድ አቃተኝ በላት» አለች። «አዎ፣ እሱን ጻፊው» አለ። እጄ ድኗል በይ አላት። ቦታዬ ከኋላ ነው፣ ስንቅ ክፍል ነው፣ አትስጊ በይ አላት። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ «በቃ» አለ። ጫልቱ አጎንብሳ ትንሽ ጨመር አድርጋ ጻፈች፤ ስም የምትጽፍ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ለእኔ ሰጠችኝና እስክሪብቶውን ዘንቢሉ ውስጥ ከተተች። ሞተሩን አስነሣሁ፤ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወረድኩ።

ከጎንደር ስመለስ ቀጨኔ ሄድኩ። እናትየው ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ቤታቸውን በልጃቸው ስም ጠይቄ አገኘሁት። ደጃፉ ላይ እጃቸው በጭቃ ተለውሶ ተቀምጠዋል። ዩኒፎርሜንና ወረቀቱን ሲያዩ ተነሡ።

«ልጄ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው እማማ። ደብዳቤ ልኮልዎት ነው እንጂ ምንም አልሆነም።»

ማንበብ አይችሉም። እጃቸውን ጨርቅ ላይ ጠራርገው አጠገቤ ተቀመጡ። አነበብኩላቸው። ፊትሽን እያየሁ መሄድ አቃተኝ የሚለው ጋ ስደርስ እንባቸው ወረደ፤ ስንቅ ክፍል ነኝ የሚለው ጋ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። ማንበብ ጀምሬ ወረቀቱን ጠጋ አድርጌ እንደገና አየሁት፤ ምክንያቱም ልጁ ይሄን አላለም። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ይሄን አላለም።

«እማዬ፣ ሸክም አታብዢ። ወገብሽን ሲያምሽ ለእኔ ብለሽ ዝም አትበዪ፣ አውቃለሁ» ይላል።

እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሠሯቸውን ጋኖች በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው።

«ወገቤን እንደሚያመኝ በምን አወቀ?» አሉ። «አንድ ቀን ነግሬው አላውቅም። እንዳያይብኝ ስንት ነገር ነው የማደርገው። በምን አወቀ?»

የጫልቱ እናት የእንጨት ሸክም ትዝ አለኝ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።

«አይ ልጄ» አሉ፣ «ያየኝ ነበር ለካ።»

ትንሽ ቆይተው ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እስቲ እዚያ ጋ ድገምልኝ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።